ያልመለሰው ኮረብታ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ጽሑፌ ዛሬ ጋዜጣችን ላይ ወጣ። ገጽ አምስት ላይ፣ ከአሮጌ ጀልባ ሽያጭ ማስታወቂያ በላይ። ናካሶኔ ርእሱን "ከፑኡማካኒ አናት" ብሎ አሳጥሮታል። አዘጋጅ ከሆነ ጀምሮ የሚያስደስተው ሥራ የእኔን ርእስ መቁረጥ ነው።

የጻፍኩት ከኮረብታው ላይ ስላለው እይታ ብቻ ነው። ከታች የጥንቶቹ የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎች በድንጋይ ካብ ታጥረው፣ ከእነሱ ወዲያ ሰርጡ አረፋ እየደፈቀ፣ ከሰርጡ ማዶ የላናይ ደሴት እንደተገለበጠ ታንኳ፣ በስተግራ የማዊ ደሴት ደመናዋን ተከናንባ። ስለ መቅደሱ ራሱም ሆነ ስለ ካይፖ ቤተሰብ አንድ መስመር የለበትም። ናካሶኔ ግን "እንግዳ ያነበዋል" ብሎ ከሥር ይህችን ጨመረባት፦ "ወደ ሄያው፣ ማለትም ወደ ጥንታዊው የድንጋይ መቅደስ መውጣት የሚፈልግ ሰው መንገዱ ከሚታጠፍበት ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ በዜማ ያስፈቅዳል። ጠባቂው ከላይ በዜማ ሲመልስለት ይገባል። ሦስት ጊዜ አዚሞ መልስ ካላገኘ ይመለሳል። ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።" ትክክል ነው። አንድም ቃል አልነካሁበትም።

ጠባቂው ባሌ ካይፖ ነው፤ ከአባቱ ተረክቦ። ጋዜጣችን ስለዚያ ቦታ እይታ ጽፎ ስለማያውቅ አስቀድሜ አስፈቅጄዋለሁ። ሳህን እያጠበ ነበር። "ስለ እይታው ልጽፍ ነው፤ ትፈቅዳለህ?" አልኩት ከኋላው ሆኜ። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ዞር እንኳ አላለም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎደሬ ቀቅለን ፖይ ለሚባለው ገንፎ ወቀጥን። እሱ ወቀጠ፣ እኔ ውኃ ጨመርኩ። ብዙ አላወራንም። ደስ የሚል ዝምታ ነበር።

ካይፖ በዚህ ዓመት ተለውጧል። የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ "አንድ ቀን ሾርባ አደርገዋለሁ" ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን ዶሮው መስኮታችን ሥር ቢጮህም እንደ ሕጻን ይተኛል። ድሮ የጻፍኩትን ሳነብለት በየዓረፍተ ነገሩ ይከራከረኝ ነበር። አሁን አንብቤ ስጨርስ "ጥሩ ነው" ይለኛል። ዕድሜ ሰውን ያለሰልሳል መሰለኝ። ትዳራችን እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም።

ቅር የሚለኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ጨዋታ ሲያይ ጩኸቱ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል።

ታላቅ እህቱ ሄአላኒ መንገድ ዳር ዳቦ ትሸጣለች። ዛሬ ስደርስ ስትነጫነጭ አገኘኋት።

"ባልሽ ጌታ ሆኗል። ከኋላው ብጠራው ብጠራው ዞር አላለም። 'አንተ የውሻ ልጅ' ብለው እንኳ ዞር አላለም።"

"አባታችሁ እኮ አንድ ነው።"

"ለዚህ ነዋ ዞር ማለት የነበረበት።"

"ሐሳብ ይዞት ይሆናል።"

"ሐሳብ? ካይፖን?" አለችና ለሚቀጥለው ሰው ዳቦ ቆረጠች።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

በጥድፊያ። መምህርቷ ማይሌ የሁላ ጭፈራ ተማሪዎቿን ይዛ ዛሬ ወደ ኮረብታው ትወጣለች። ካይፖ ገና ጎህ ሲቀድ ሄደ። ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ የቲ ተክል ቅጠል ጉንጉን። ሲለብስ ሙሽራ ይመስላል።

ከሰዓት። ተመለሰ። "አልመጡም" አለ። ጉንጉኑን አጥሩ ላይ ሰቀለው።

ማይሌ ቀጠሮ የምታፈርስ መምህርት አይደለችም። "አውቶቡሱ ተበላሽቶባቸው ይሆናል" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

ሱቅ ውስጥ፣ ከሩዝ መደርደሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሴቶች፦

"ማይሌ ልጆቹን ሰብስባ ሄዳ ኮረብታው ዝም አላቸው።"

"ሦስቴ?"

"ሦስቴ።"

"እና?"

"ምን እና አለው። ሩዛቸውን ባሕር ዳር በልተው ዋኝተው መጡ። ትንሿ የእህቴ ልጅ ግን ስታለቅስ አደረች። 'ዜማውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ' ትላለች።"

"ልጅቷ ምን አደረገች። ቦታውን ጋዜጣ ላይ ሲያወጡት ነው እንጂ።"

ከመደርደሪያው ስዞር አዩኝ። ወዲያው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እኔም ስለ ሽንኩርት አስተያየት ሰጠሁ።

መጥተው ነበር ማለት ነው። ካይፖ ደግሞ አልመጡም አለኝ። ይህ ሰው ዋሽቶኝ አያውቅም። አሁን ከዋሸኝ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ በጽሑፌ ተቆጥቷል፣ ኮረብታውን ዘግቶታል፣ እኔን ላለማሳፈር ደግሞ አልመጡም ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ነገር ከሁለት ሰው ሳላጣራ ጽፌ አላውቅም። ይህን ግን ሄጄ ልጠይቀው አልቻልኩም። ጠባቂን ለምን አልመለስክም ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ሚስቱም ብትሆን።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

አሁን ደግሞ ከማዊ የመጡ ባልና ሚስት። የሴትየዋ አያት የተወለዱት ከኮረብታው ሥር ነበር። አበባ ጉንጉን በበረዶ ሣጥን ይዛ ባሕር ተሻግራ መጣች። ቆመው አዜሙ፤ መልስ የለም። አበባውን ድንጋዩ ላይ ትታ ሄደች። ይህን የነገረኝ ከአውሮፕላን ማረፊያ ያደረሳቸው ሾፌር ነው።

ማታ ካይፖ ያንኑ አበባ ይዞ ገባ። "አንድ ሰው ይሄን ትቶ ሄዷል። እዚያ ድረስ መጥቶ ለምን አላስፈቀደም?" አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ውኃ ውስጥ አስቀመጠው። እንዲህ ማስመሰል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ወደ ካውናካካይ ከተማ ስንሄድ፣ እሱ ፒክአፑን እየነዳ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ ተናገርኩ። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት አልነበረኝም።

"ያንን ጽሑፍ መጻፍ አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።"

ምንም አላለም። ከሰፈር ወጥተን ያልጠፋው ፍሬቻ እስከ ከተማ ጠቅ ጠቅ ሲል መጣ። ከቁጣው ዝምታው ከበደኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ማይሌ ቢሮ መጣች። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ጨዋ ሰው ናት። እንደ ደሴቱ ልማድ ታላቅን ሁሉ አክስቴ፣ አጎቴ ትላለች።

"አክስቴ ኖሄአ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ማካሂኪን ዘንድሮ ባሕር ዳር መናፈሻው ውስጥ ለመክፈት አስበናል። ኮረብታውን ማስቸገር አልፈለግንም።"

ሰባቱ ከዋክብት በኖቬምበር ማታ ከምሥራቅ ብቅ ሲሉ ማካሂኪ፣ ማለትም የመኸሩ በዓል ወቅት፣ የሚከፈተው ፑኡማካኒ ኮረብታ ላይ ነው። የካይፖ አባት እሾሁን መንጥረው የመቅደሱን ካብ መልሰው ካቆሙ ጀምሮ ሌላ ቦታ ተከፍቶ አያውቅም። እዚያ ካልተከፈተ ካይፖ የምን ጠባቂ ነው? ጠዋት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?

"አንዴ ሞክሩ" አልኳት።

"አጎቴ ካይፖ ካልፈለጉ..."

"አንዴ ብቻ።"

አሰበች። "ቅዳሜ በሳምንቱ። ልጆቹን ግን አላመጣም። ልጆቹን ሁለተኛ አላስለቅስም።"

ናካሶኔ ከጠረጴዛው ሆኖ የማይሰማ መስሎ ሁሉንም ሰማ። እሷ ስትወጣ "ባልሽን ለምን አትጠይቂም?" አለኝ።

"ነውር ነው። አንተ ነህ የጻፍከው።"

"እኔ ለቱሪስት ነው የጻፍኩት።"

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ዛሬ አብሬው ወጣሁ። "ንጹሕ አየር ያስፈልገኛል" አልኩት። ሳይሻል አይቀርም ብሎ አንድ ከረጢት ብርቱካን አስያዘኝ።

ነፋስ አልነበረም። ይህን የምጽፈው አስቤበት ነው፤ ኋላ ዜማውን የወሰደው ነፋሱ ነው ብዬ እንዳላመካኝ። ሳር አይነቃነቅም። ከታች ኩሬዎቹ እንደ መስታወት ተኝተዋል፣ ላናይ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሸለቆ ይታያል። ካይፖ እንደ ልማዱ መንገዱን ፊት ለፊት እያየ ካቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ።

የመጀመሪያውን ዜማ ሰማሁ። የማይሌ ድምፅ ነው፤ ከሥሯ ሌሎች አራት አምስት ሴቶች። ከዛፎቹ በታች ስለሆኑ አይታዩም። እያንዳንዱ ቃል ግን አጠገቤ ያለ ያህል ይሰማል። ካይፖን አየሁት። ብርቱካን ይልጥ ነበር። ልጣጩን ሳይቆርጥ፣ እንደ ጠመዝማዛ አድርጎ፣ በጥንቃቄ።

ሁለተኛውን አዜሙ።

"ደመናው ወደ ማዊ እየሄደ ነው" አለኝ።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር። ማይሌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጨረሻው ላይ ሰበር አደረገችው። ልመና ነበር። ካይፖ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ፣ መንገዱን አየ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ዛሬም አይመጡም" አለ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ማስመሰል አልነበረም። አዝኖ ነበር።

እጄ ትከሻው አጠገብ ነበር። አንዴ ብነካው፣ በጣቴ ወደ ታች ባሳየው ይበቃ ነበር። አልነካሁትም። የመልሱ ዜማ የቤተሰቡ ነው፣ እኔ ከሌላ ደሴት የመጣሁ የሂሎ ልጅ ነኝ፣ ጣልቃ መግባት አይገባኝም ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ነው። ብርቱካኑን በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያ ሞተር።

ይህን ሁሉ ወር ባሌን የሚዋሽ፣ ቂመኛ ሰው አድርጌ ሳየው ከረምኩ። ዶሮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሬቻው፣ "ጥሩ ነው" የሚለው። አንድ ጀማሪ ዘጋቢ ይህን ሁሉ ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ ምን ይጎድልሃል፣ ጻፈው እለው ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ሄአላኒ ጋ። ሊጥ እያቦካች፣ ሳታየኝ፦

"ጆሮው ነው አይደል?"

"ታውቂያለሽ?"

"ሲሰደብ ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ አይሰማም። ሲበላ ደግሞ አይቼዋለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ከእሱ ጋር የምታድሪው አንቺ ነሽ። አንቺ ያላየሽውን እኔ ልንገርሽ? ለደሴቱ ሁሉ ወሬ የምታደርሺ ሴትዮ፣ ለአንድ ሰው ማድረስ አቃተሽ?"

ዳቦ ሰጠችኝ። ሳልከፍል ሄድኩ፤ አስተዋለች፣ ግን አልጠራችኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ነገርኩት። ጠዋት በረንዳው ላይ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ።

"ካይፖ፣ መጥተው ነበር።"

"ማን?"

"ሁሉም። ቅዳሜ ማይሌ ከታች ቆማ ሦስቴ አዚማለች። አጠገብህ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "መጀመሪያም? ከልጆቹ ጋር?"

"ከልጆቹም ጋር።"

"አበባ የተወው ሰውስ?"

"እሷም። ከማዊ ነው የመጣችው።"

ዓይኑን ወደ ጓሮው መለሰ። ከዚያ "ጆሮዬ እንደደከመ አውቅ ነበር" አለ። "አንቺንም ግማሽ ግማሽ ነው የምሰማሽ።"

"የቱን ግማሽ?"

"ጥሩውን።" አልሳቀም። "ዜማው ግን ያመልጠኛል ብዬ አላሰብኩም። ዜማ ሌላ ነው ብዬ። ሰው የቀረው ቦታውን ጋዜጣ ላይ ስላወጣሽው መስሎኝ ነበር። ሳትነግሪኝ መጻፍሽ ቅር ብሎኛል፤ እንዳትከፊ ብዬ ዝም አልኩ።"

"አስፈቅጄህ ነበር እኮ።"

"መቼ?"

"ሳህን ስታጥብ።"

ይህን ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፖይ በላን። ሆኖሉሉ ላለው የጆሮ ሐኪም ደወልኩ፤ ቀጠሮው ለዲሴምበር ነው። ለቴሌቪዥኑ የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ ለማድረግ እሺ ብሏል። "ለኮረብታው ግን አይሆንም። በባትሪ የሚመልስ ጠባቂ አይደለሁም። ልጆች በእኔ ስም ተባርረዋል" አለ። ቀኑን ሙሉ የደጋገማት ይህችን ነው። ልጆች በእኔ ስም ተባርረዋል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

እህቱ ዘንድ ሄደ። ዳቦ ከሚገዙት ጋር ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ መስኮቱን ከፍቼ።

"ዳቦ አልቋል" አለችው፤ ከኋላዋ ተከምሮ ይታያል።

"ዳቦ አልፈለግሁም። ከእንግዲህ ላይ ሆነሽ አንቺ መልሺ።"

ሄአላኒ ቢላዋውን አስቀመጠች። ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው እንደኖረች ደሴቱ ሁሉ ያውቃል።

"አባባ ለአንተ ሲሰጥህ ምን አለ? 'የእሷ ድምፅ ዓሣ ያስበረግጋል' አለ።"

"እኔም እሰማሽ ይሆናላ።"

"አሁን ጆሮህ ሲሄድ ትዝ አልኩህ።"

አፏን አፏን እያየ ቆይቶ "አዎ" አለ። "አሁን ነው ትዝ ያልሽኝ። ልክ ነሽ።"

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ፎጣዋን አጣጥፋ እንደገና ፈታችው። "አስብበታለሁ። ወደዚያ በል፣ ሰው አታግድ።"

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሄአላኒ ምንም አላለችም። ሳልፍ ስለ ዱቄት ታወራኛለች።

ካይፖ ማይሌ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራት፤ ያቺን ያለቀሰች ልጅም አስጠርቶ ጥፋቱ የእሱ ጆሮ መሆኑን ነገራት። ልጅቷ "ታዲያ ዜማዬ ጥሩ ነበር?" ብላ ጠየቀችው። "አልሰማሁትም። እንደገና አምጪው" አላት።

ማይሌ ማካሂኪን ኖቬምበር 15 ቀን ኮረብታው ላይ ለመክፈት ተስማማች። "ማን ይመልስልናል፣ አጎቴ?" ስትለው "እንጃ። እኔም ከታች ከእናንተ ጋር ሆኜ ነው የምጠይቀው" አላት። መልስ ካልመጣ ሁሉም ወደ መናፈሻው ይሄዳሉ፤ እሱም አብሮ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ጨው፣ የደረቀ ዓሣ፣ ስኳር ድንች፣ የሩዝ ጥቅል በቆርቆሮ ሥጋ። ሁለት ትርፍ ብርድ ልብስ። የሄአላኒ ዳስ ተዘግቷል። "ዛሬ የለሁም" ይላል ወረቀቱ። ነገስ? ለካይፖ ልንገረው? ነገርኩት። "ልትጋግር ይሆናል" አለ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

የትናንቱን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ቆምን። ልጆቹ ከፊት፣ ማይሌ ከጎናቸው፣ ናካሶኔ እንኳ ጫማውን አጽድቶ መጥቷል። ካይፖ መሐላችን ነበር። ነጭ ሸሚዝ እንጂ ጉንጉን አላደረገም። ከልጅነቱ ወዲህ እዚያ ቦታ ቆሞ ወደ ላይ አይቶ አያውቅም። "ካቡ ከዚህ ሲታይ ትልቅ ነው" አለኝ፤ ጮክ ብሎ ስለተናገረ ልጆቹ ሳቁ።

አዜምን። እሱም አብሮ አዜመ፣ የቃላቱን ጊዜ ከማይሌ አፍ እየያዘ። ዝም አልን። ነፋሱ ሳሩን አጎነበሰው። ምንም።

ሁለተኛ አዜምን። ምንም። ያቺ ትንሽ ልጅ ዞራ ካይፖን አየችው። እሱ እኔን አየኝ። ራሴን በአሉታ ወዘወዝኩ። ናካሶኔ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

ሦስተኛውን ሳንጨርስ የማይሌ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ዝምታ። ካይፖ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ሊመለስ የተዘጋጀ ሰው አቋቋም ነበር። ይህን ጊዜ ከላይ መጣ። የሄአላኒ ድምፅ ነበር፣ ወፍራምና የማይቸኩል፤ ከዛፎቹ ላይ ወፎች ተነሡ። አባታቸው ስለ ዓሣዎቹ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። የካይፖን ክንድ ያዝኩ። ግን ሳልነግረው በፊት ልጆቹ መራመድ ጀምረው ነበር፣ እነሱን አይቶ ተራመደ።

ላይ ስንደርስ ሄአላኒ ጉንጉን አድርጋ ካቡ ጫፍ ላይ ቆማለች። ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ካይፖ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"እስከ ሦስተኛው ለምን አስጠበቅሽን?"

"አንተ ስንቱን አስጠበቅህ?" አለችው፣ አፏን ከፍታ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳየችው። ከዚያ ግንባርና አፍንጫቸውን አገናኝተው እንደ ልማዳችን ትንፋሽ ተቀባበሉ። ትንሽ ረዘመ።

ልጆቹ ጨፈሩ፣ ምግቡ ተከፈለ። ከዋክብቱ ገና ስላልወጡ ሰው ሁሉ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ካይፖ ሳህኑን ይዞ በልማዱ መንገዱን ወደሚያይበት ቦታ ሄደ፤ እዚያ ሄአላኒ ተቀምጣለች። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ካቡን ዞሮ በባሕሩ በኩል ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ። እዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ስኳር ድንቹን እየበላ ኩሬዎቹን፣ ሰርጡን፣ ላናይን በየተራ አየ፤ ፀሐይዋ ላናይ ትከሻ ላይ ነበረች። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከታች አንድ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ማዜም ጀመረ። ብቻውን ነው፤ እየሮጠ የመጣ መሰለኝ፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሄአላኒ ጉንጯ ውስጥ ያለውን ውጣ፣ እጇን ጠርጋ ተነሣች።

ካይፖ ባሕሩን ያያል። አልነገርኩትም።